ባለብር ከምድጃው አይነሳም

(ከከተማው ዳር ባለ የምርምር ተቋም፣ ቀይ መብራት በበራበት የጨረር ክፍል በር ሥር፣ አንጥረኛው ጋሽ እንግዳወርቅ የፕላስቲክ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል፤ ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ ማስተዋል ነጭ ጋውን ለብሳ ፊታቸው ቆማለች።)

ማስተዋል፦ ጋሼ፣ በእመቤታችን ይዤዎታለሁ ይነሱ! ወንበሩ የጥበቃው ነው፤ በሩ ሥር ደግሞ መቀመጥ ክልክል ነው።

ጋሽ እንግዳ፦ አልነሳም። ብሬ እሳት ውስጥ ነው። ብሩ እሳት ውስጥ የገባ ሰው ከምድጃው አይነሳም። ይህን ደግሞ እኔ ልንገርሽ? ሱቄ ውስጥ በዳዴ እየሄድሽ ያደግሽ ልጅ!

ማስተዋል፦ ይህ ምድጃ አይደለም፤ የጨረር ክፍል ነው።

ጋሽ እንግዳ፦ ብር ይገባበታል?

ማስተዋል፦ ይገባበታል።

ጋሽ እንግዳ፦ ገብቶስ ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል?

ማስተዋል፦ እሱማ... ይወጣል።

ጋሽ እንግዳ፦ ታዲያ ምድጃ ማለት ሌላ ምን ኖሯል? ክፈቺና አጠገቡ ልቀመጥ።

ማስተዋል፦ ሰው አይገባበትም እኮ ነው የምልዎት! ውስጡ ያለው ጨረር ነው። አይታይም፣ አይሸትም፣ አይሞቅም።

ጋሽ እንግዳ፦ እሳቱ አይታይም። ብሩም አይታይም። የምትታይ ባለሥራዋ ብቻ! ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ብር ሳቀልጥ ባለብሩ ከፊቴ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ከማቅለጫው ሳይነቅል ነው። ለምን? ያልጠረጠረ ተመነጠረ! አንጥረኛ እጁ ፈጣን ነው። ዞር ስትዪለት ትንሽ ቀንሶ፣ ትንሽ መዳብ ጣል አድርጎ...

ማስተዋል፦ እርስዎም ያደርጉ ነበር ማለት ነው?

ጋሽ እንግዳ፦ እኔማ አላደርግም! እንደሚደረግ ግን አውቃለሁ።

ማስተዋል፦ ወይዘሮ አመልማልን አስታወሱኝ። ሽንታቸው ሲመጣ ማቅለጫውን በጉጠት አስይዘው እስከ ጓሮ ያስከተሉዎትን።

ጋሽ እንግዳ፦ ታዲያስ! ጀርባዬን ለመጸዳጃ ቤቱ በር ሰጥቼ፣ ብሩን አንጠልጥዬ ቆሜ፣ እሷ ከውስጥ፣ «እንግዳ፣ አለህ?» ትለኛለች። «አለሁ።» «ብሬስ?» «እሱም አለ።» የአገር ሰው ብሩን የሚጠብቀው እንዲህ ነው።

ማስተዋል፦ እዚህ ግን ከውስጥ «አለሁ» የሚል አይኖርም። በሩ የተቆለፈው ለዚህ ነው።

ጋሽ እንግዳ፦ እንግዲያው ከውጭ እጠብቃለሁ። መጠበቅ አይከለከል።

ማስተዋል፦ ሌባ እናት ልጇን አታምንም አሉ።

ጋሽ እንግዳ፦ ምን... ምን ማለትሽ ነው?

ማስተዋል፦ ተረት ነው ጋሼ። ምነው ደነገጡ?

ጋሽ እንግዳ፦ ማን ደነገጠ? ወንበሩ አንዱ እግሩ አጭር ሆኖ ነው። እስኪ አሳዪኝ፤ የሟች ሚስቴን የዘነቡን ድሪ ከአንገቴ... ከሣጥኔ አውጥቼ፣ «ለሥራሽ ይሁን» ብዬ ሰጠሁሽ። ምን አደረግሽው?

ማስተዋል፦ ይኸው። ገና ጨረር ያልነካው ቁራጭ ነው። በጥፍርዎ አይቧጥጡት።

ጋሽ እንግዳ፦ ይሄ?

ማስተዋል፦ አዎ።

ጋሽ እንግዳ፦ ይሄ እኮ የዳቦ ላስቲክ ነው።

ማስተዋል፦ የቁስል መሸፈኛ ነው። ብሩ አሲድ ውስጥ ሟሙቶ፣ ከሚረጋው ፈሳሽ ጋር ተቀይጦ፣ ደርቆ ነው እንዲህ የሳሳው። ብሩ እዚህ ውስጥ አለ።

ጋሽ እንግዳ፦ ወርቅ ላበደረ ጠጠር! ብር ለሰጠሁሽ ሰውዬ፣ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ላስቲክ ይዘሽልኝ መጣሽ? ፊትሽ በወዲያ በኩል ወለል ብሎ እየታየኝ፣ «ብሩ እዚህ ውስጥ አለ»!

ማስተዋል፦ ጨረሩ ሲመታው ነው የሚታየው። አሁን ብሩ ከውሃ በላይ ደቆ ተበትኗል። ጨረሩ ያንን ብትን ይሰበስበዋል፤ ያውም ጤፍ ሺህ ጊዜ ቢፈጭ የማይደርስበት ደቃቅ አድርጎ። ላስቲኩንም ያጠነክረዋል። ያሉበትን ተዋህስያንም በዚያው ይገድላቸዋል። ሦስቱንም በአንድ ገብቶ መውጣት።

ጋሽ እንግዳ፦ ሲወጣ እንደ ብር ያበራል?

ማስተዋል፦ ማር ይመስላል። ቢጫ።

ጋሽ እንግዳ፦ ቢጫ ብር? ማስተዋል! ይህንን ሱቄ በር ላይ ቆመሽ ብትናገሪ በጉጠት ነበር የማባርርሽ። ብር ነጭ ነው። ሲያረጅ ይጠቁራል። ቢጫ ከሆነ ወይ ወርቅ ነው ወይ ሌብነት ነው።

ማስተዋል፦ እጅግ ሲደቅ መልኩ ይለወጣል። ባይለወጥማ ብር መኖሩን በምን አውቃለሁ? የኔ ምስክር ቢጫው ነው።

ጋሽ እንግዳ፦ ቢጫ ካልሆነስ?

ማስተዋል፦ ብር የለበትም ማለት ነው።

ጋሽ እንግዳ፦ እህ።

ማስተዋል፦ ምን «እህ»?

ጋሽ እንግዳ፦ ምንም። እህ ነው ያልኩት። ሰው እህ ማለት አይችልም? ደግሞ በዚህ ሙቀት እጅጌሽን እስከ ጣትሽ ያወረድሽው ምን ሆነሽ ነው?

ማስተዋል፦ የቤተ ሙከራ ደንብ ነው።

ጋሽ እንግዳ፦ ይሁን። እነዚያ በወንፊት ጨርቅ የተሸፈኑት ሣጥኖችስ? ውስጣቸው ነገር ይንጫጫል።

ማስተዋል፦ የቆላ ዝንብ ነው። ከብት በገንዲ የሚጨርሰው። ወንዶቹ ተራቸውን እየጠበቁ ነው፤ ከኔ ቀጥሎ ይገባሉ።

ጋሽ እንግዳ፦ ዝንብ ቁስል ሊታከም?

ማስተዋል፦ ሊመክን። ጨረሩ ዘር ያሳጣውና ይለቀቃል። ሴቷ አገባሁ ብላ ትቀመጣለች፣ ልጅ የለም። እንዲህ እንዲህ እያለ ዝንቡ ይጠፋል።

ጋሽ እንግዳ፦ ...ማስተዋል።

ማስተዋል፦ አቤት።

ጋሽ እንግዳ፦ እኔ ይህ በር ላይ መቀመጤ...

ማስተዋል፦ ግድግዳው ከርስዎ ቁመት ይወፍራል። ደግሞ ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ምን አሳሰበዎት?

ጋሽ እንግዳ፦ የእግዜር ሥራ ይታወቃል? አብርሃም ስንት ዓመት ሞልቶት ነው የወለደው?

ማስተዋል፦ አብርሃም ጨረር ክፍል በር ላይ አልተቀመጠማ! ይነሱ ስልዎት።

ጋሽ እንግዳ፦ ወንበሩን ትንሽ ወደዚያ ልሳበው። መነሳት ግን የለም። ሌላ ልጠይቅሽ። ይህ ጨረር የበላው ነገር ቁስል ላይ ሲለጠፍ፣ ዞሮ ሰውየውን አይበላውም?

ማስተዋል፦ ፀሐይ ላይ የተሰጣ በርበሬ ፀሐይ ይሆናል? ይደርቅና ወደ ቤት ይገባል። ጨረሩም ሥራውን ሠርቶ ያልፋል፤ ላስቲኩ ውስጥ አያድርም።

ጋሽ እንግዳ፦ እንዲያ ከሆነ ደህና። እና አሁን ገብቶ ሲወጣ ለበሽተኛ ትሰጪዋለሽ?

ማስተዋል፦ ገና ነው። ብዙ ይፈተናል። መጀመሪያ ግን የነገውን ካለፍኩ ነው።

ጋሽ እንግዳ፦ ነገ ምን አለ?

ማስተዋል፦ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ማታ ነግሬዎት ነበር፤ ዜና እያዩ አልሰሙኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ የሠራሁትን አይተው ይቀጥል ወይ ይዘጋ የሚሉት ነገ ነው።

ጋሽ እንግዳ፦ ምኑን ነው የሚያዩት?

ማስተዋል፦ አሁን የሚወጣውን ነዋ! ያዘዝነው የብር ኬሚካል በዶላር እጦት እንደቀረ ያውቃሉ። ለዚህ አይደል ብር የለመንኩዎት? ያለኝ ይህ አንድ ትሪ ነው። ማር መስሎ ከወጣ ይቀጥላል። ነጭ እንደገባ ነጭ ከወጣ፣ ማሽኑን ለሌላ፣ ክፍሉን ለሌላ፣ እኔም ወደ ሌላ።

ጋሽ እንግዳ፦ ወዴት ሌላ?

ማስተዋል፦ እንጃ። ሱቅዎ ሠራተኛ ይፈልጋል?

ጋሽ እንግዳ፦ አትቀልጂ።

ማስተዋል፦ እርስዎ ሲቀልዱ ቆይተው እኔ ስቀልድ ከበደ?

ጋሽ እንግዳ፦ ማስተዋል... ዛሬ ማክሰኞ ነው አይደል?

ማስተዋል፦ ነው።

ጋሽ እንግዳ፦ ማክሰኞ የተጀመረ ሥራ አይሰምርም ይባላል።

ማስተዋል፦ ማን ነው የሚለው?

ጋሽ እንግዳ፦ ይባላል። የጥንት ሰዎች።

ማስተዋል፦ የጥንት ሰዎች ስለ ጨረር ክፍል?

ጋሽ እንግዳ፦ ስለ ማንኛውም ምድጃ! እስኪ አስቁሚው። ለነገ ጠዋት አድርጊው። ማታ ትንሽ... ትንሽ ብር ልጨምርበት። የኔ አለ፣ የሱቅ ፍርፋሪ።

ማስተዋል፦ ጠላ መሰለዎት ጌሾ የሚጨመርበት? ደርቋል፤ ገብቷል፤ ከገባም ብዙ ሰዓት ሆኖታል። ነገ ጠዋት ደግሞ እነሱ በር ላይ ናቸው።

ጋሽ እንግዳ፦ ግድ የለሽም፣ አስቁሚው።

ማስተዋል፦ ጋሼ፣ ቅድም ልግባ ሲሉ ነበር፤ አሁን ይውጣ ይላሉ። ምን ነክቶዎታል?

ጋሽ እንግዳ፦ ሙቀቱ ነው። የአለቃሽ ቢሮ የት ነው?

ማስተዋል፦ ለምን?

ጋሽ እንግዳ፦ የማነጋግረው አለኝ። ሽማግሌ ነኝ፣ ይሰማኛል። ቀኑን ያራዝምልሽ።

ማስተዋል፦ ሊነሱ ነው? ባለብር ከምድጃው አይነሳም ብለው አልነበር?

ጋሽ እንግዳ፦ ባለብር ነዋ የማይነሳው!

ማስተዋል፦ ...ታዲያ እርስዎ ምንድን ነዎት?

ጋሽ እንግዳ፦ ተይኝ እስኪ። እግሬ ደንዝዞ ነው እንጂ ተነስቼ ነበር።

ማስተዋል፦ ጋሼ። ይቀመጡ። ላብ በላብ ሆነዋል። ምንድን ነው?

ጋሽ እንግዳ፦ እኔ ነኝ ያጠፋሁሽ።

ማስተዋል፦ እንዴት?

ጋሽ እንግዳ፦ የሰጠሁሽ የዘነቡን ድሪ አይደለም። አምሳያውን ነው። ሱቅ መስኮት ላይ ለዓይን የሰቀልኩት ነበረ። ብር የቀባሁት መዳብ ነው ልጄ። ቅቡም ለስም ያህል፤ ብተነፍስበት ይለቃል። ከመዳብ ምን ማር ይወጣል?

ማስተዋል፦ ለምን ጋሼ?

ጋሽ እንግዳ፦ ሰው ቢለምነኝ እምቢ እል ነበር። አንቺ ሆንሽብኝ። «የእትዬ ብር ለሰው ቁስል ይድረስ» ስትዪኝ፣ በየት በኩል እምቢ ልበል? በየት በኩልስ ልስጥ? ሌሊቱን ሙሉ ድሪውን ስቆጥር አደርኩ። ቢቀልጥ ምኗ ይቀረኛል? ጠዋት ተነሳሁና እጄ ብቻውን አደረገው። የአንጥረኛ እጅ አልኩሽ።

ማስተዋል፦ እና በሬን ዘግተው ሌባ ሲጠብቁ የዋሉት...

ጋሽ እንግዳ፦ ዝም ብል ያስታውቅብኛል ብዬ ነዋ! የዘነቡን ብር የሰጠ ሰው ዝም ብሎ ቤቱ ይቀመጣል? ትንሽ ልጩህ አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ሲሉ እሰማ ነበር፤ የኔው ይኸው እያደር ከበደኝ። ነገ ሰው ፊት መዋረድሽን ሳውቅ ግን... ሂጂና አለቃሽን ጥሪው። ሽማግሌ አጎቴ አታለለኝ በይው። እኔም እላለሁ።

ማስተዋል፦ ጋሼ፣ መብራቱ።

ጋሽ እንግዳ፦ ምን ሆነ?

ማስተዋል፦ አረንጓዴ ሆነ። አለቀ። የማሽኑ ሠራተኛ ሰዒድ ትሪውን ሊያወጣ ነው። ወዲህ ጠጋ ይበሉ።

ጋሽ እንግዳ፦ አላይም። አንቺው እይው። እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።

ማስተዋል፦ ሰዒድ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እዚህ አስቀምጥልኝ። ...ኦ!

ጋሽ እንግዳ፦ አይዞሽ። አይዞሽ ልጄ። ሱቁን እሸጠዋለሁ። ኬሚካሉን ከውጭ...

ማስተዋል፦ ዓይንዎን ይግለጡ።

ጋሽ እንግዳ፦ አልገልጥም።

ማስተዋል፦ ጋሼ!

ጋሽ እንግዳ፦ ...በስመ አብ።

ማስተዋል፦ ምን ይመስላል?

ጋሽ እንግዳ፦ የጎጃም ማር ነው! ቢጫ ነው እኮ! ኧረ የዚያኛው ጫፍም፣ ሁሉም ቢጫ ነው! ዘነቡ ናት! ሌላ ማንም አይደለም፣ እሷ ናት! መዳቡን ብር አደረገችው! ሰዎች ኑና እዩ!

ማስተዋል፦ ቀስ ይበሉ! ዝንቦቹን ያስደነግጣሉ።

ጋሽ እንግዳ፦ ተአምር ሲሆን ቀስ ይባላል? ቄስ ይጠራ!

ማስተዋል፦ ተአምር አይደለም። መዳቡን ያኔውኑ አውቄዋለሁ።

ጋሽ እንግዳ፦ ...ምኑን?

ማስተዋል፦ አሲድ ውስጥ ስከተው ውሃው እንደ መስከረም ሰማይ ሰማያዊ ሆነ። ይሁን፣ ብርም ትንሽ መዳብ አያጣም ብዬ ጨው ጨመርኩበት። ብር ቢኖርበት እንደ አይብ ነጭ ሆኖ ይረጋ ነበር። ምንም ጠብ አላለም። የሱቅ መስኮትዎን ነው ያሟሟሁት።

ጋሽ እንግዳ፦ አውቀሽ ነው እስካሁን የምታናዝዢኝ? «ሌባ እናት ልጇን አታምንም» ያልሽኝ...

ማስተዋል፦ ተረት ነው ብዬዎታለሁ።

ጋሽ እንግዳ፦ አንቺ የማትረቢ! ላብ እስኪያሰምጠኝ ዝም ብለሽ ታያለሽ?

ማስተዋል፦ ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ። እጄን ለማየት መጡ፤ እኔ ደግሞ ፊትዎን አየሁ። መቼ ይናገር ይሆን እያልኩ።

ጋሽ እንግዳ፦ ለምን ያን ቀን አልጮህሽብኝም?

ማስተዋል፦ ልጮህ ተነስቼ ነበር። እውነቴን ነው፣ ተናድጄ እስከ ሱቅዎ በር መጥቻለሁ። የጫማዎን ክር ሊያስሩ ጎንበስ ብለው አገኘሁዎት፤ ድሪው ከሸሚዝዎ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። በእጅዎ ቶሎ ብለው መለሱት፤ መለስ ሲያደርጉት ሳም አደረጉት። እኔም መንገዴን ቀጠልኩ። ሰው ሚስቱን ለማቅለጥ እንዴት ይለመናል? ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። አያልቅሱ እንጂ። ሰዒድ ያየናል።

ጋሽ እንግዳ፦ ይየኝ። ቆይ። ቆይ እስኪ። የኔ መዳብ ከሆነ፣ ዘነቡም ካልሆነች፣ ይህ ብር ከየት መጣ?

ማስተዋል፦ ከሰው አገኘሁ።

ጋሽ እንግዳ፦ ከየትኛው ሰው?

ማስተዋል፦ ምን ያደርግልዎታል?

ጋሽ እንግዳ፦ እጅጌሽን ሰብስቢ።

ማስተዋል፦ ደንቡ...

ጋሽ እንግዳ፦ ሰብስቢ አልኩሽ!

ማስተዋል፦ ይኸው፤ ይዩት።

ጋሽ እንግዳ፦ አምባሩ የለም።

ማስተዋል፦ የለም።

ጋሽ እንግዳ፦ ለምረቃሽ የሠራሁት። ዘነቡ ከሕክምና አልጋዋ ላይ ሆና፣ «እኔ ነኝ የማጠልቅላት» ብላ የጠበቀችሽ።

ማስተዋል፦ ኦፕራሲዮኑ እኮ ደህና ነበር ጋሼ። እትዬን የወሰዳቸው የቁስላቸው ማመርቀዝ ነው። ይህን ሥራ የጀመርኩት ለዚያ ነው፤ አምባሩም ለዚያ ሄደ። በርግጥ ከእጄ ሳወልቀው ቀላል አልነበረም። ግን አንድ ነገር አስደሰተኝ፤ ንጹሕ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። የሌላ አንጥረኛ ሥራ ቢሆን ጨው እጨምርበት ነበር።

ጋሽ እንግዳ፦ ወርቅ ላበደረ ጠጠር ብዬሽ ነበር ቅድም።

ማስተዋል፦ ብለውኛል።

ጋሽ እንግዳ፦ ለካ ጠጠሩን ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ።

ማስተዋል፦ ይተውት አሁን። ማር ወጥቷል፤ ነገ ያልፋል። ምሳ ልጋብዝዎ። የዚህ ክበብ ሽሮ አይጠላም።

ጋሽ እንግዳ፦ እነዚያ ሰዎች ነገ አይተው ይቀጥል ካሉ፣ የሚቀጥለው ትሪ መቼ ነው የሚገባ?

ማስተዋል፦ ብር ሲገኝ ነዋ። ኬሚካሉ እስኪመጣ እንግዲህ... ጋሼ? ምን እያደረጉ ነው? የሸሚዝዎን ቁልፍ ለምን ይፈታሉ? አይሆንም! ይመልሱት አንገትዎ ላይ!

ጋሽ እንግዳ፦ እጅሽን ዘርጊ።

ማስተዋል፦ አልዘረጋም። እኔ እኮ ይህን ልቀበልዎት ብዬ አይደለም የነገርኩዎት!

ጋሽ እንግዳ፦ ስሚኝ። ዘነቡ ያ ቁስል ሲፈጃት ይህ ድሪ አንገቷ ላይ ነበረ። ከቁስሏ ስንዝር አይርቅም። ብር ሆኖ ተቀምጦ አያት፤ ምንም አላደረገላትም። እኔም እንደሱ ተቀምጬ አየሁ። አሁን ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ አየሁ፤ ታዲያ ከኔ አንገት ላይ ምን ይሠራል? ዘርጊ እጅሽን።

ማስተዋል፦ ...ይከብዳል።

ጋሽ እንግዳ፦ እውነተኛ ስለሆነ ነው። ጨው እንዳትጨምሪበት።

ማስተዋል፦ እሺ ጋሼ። እንግዲያስ ይነሱ፤ ምሳ እንሂድ። ጥበቃውም ወንበሩን ሊወስድ መጥቷል።

ጋሽ እንግዳ፦ ሌላ ፈልግ በይው። አሁን ነው ባለብር የሆንኩት።